ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ርቀቱንና የጉዞውን ሰዓት ራስዎ እንዴት እንደሚያሰሉ

ሃያ ሁለት አካባቢ በምትገኝ አንዲት ቲኬት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ ዋጋ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ የሚያነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ «ዋሽንግተን ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ቲኬቱን አትሜ ስሰጠው ደግሞ መልሱን ራሱ ያገኘ ይመስለዋል። ለምሳሌ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 08:00 ይላል። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ? ተመስገን!» ብሎ ደስ ይለዋል። ገጹን ገልጦ የመመለሻውን ሲያይ መነሻው 11:00፣ መድረሻው በማግስቱ 07:00 ተብሏል። «ሃያ ሰዓት! መመለሱ እንዲህ የሚከብደው ለምንድን ነው?» ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚረዝመው መሄጃው ነው፤ የሚያጥረው መመለሻው ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች ቲኬቱ ላይ በማየት ብቻ ማግኘት አይቻልም።

ይህን በትክክል ማወቅ የሚጠቅማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ልጇ ወልዳ ልትጠይቃት የምትሄድ እናት የስኳር መድኃኒቷን በስንት ሰዓት ልዩነት እንደምትወስድ ማስላት አለባት። ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ሰው ስንት ጡጦ ወተት እንደሚያስፈልገው ማወቅ አለበት። እዚያ ማዶ የሚጠብቀው ዘመድ ከሥራ መቼ ፈቃድ እንደሚወስድ መወሰን አለበት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚደረገውን ጉዞ እንደ ምሳሌ ይዤ ስሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያለሁ። ዘዴው ለየትኞቹም ሁለት ከተሞች ይሠራል።

መነሻና መድረሻውን በኮዱ ይለዩ

«ዋሽንግተን» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። ዘመዱ ሲያትል የሚኖር ሰው «ዋሽንግተን ነው የምሄደው» ብሎኝ ያውቃል፤ አልዋሸም፤ ሲያትል ያለችው ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። ግዛቱ ግን በምዕራብ ዳርቻ ላይ ያለ ሲሆን፣ ከዋና ከተማዋ እስከ ሲያትል ድረስ ሌላ 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ያስፈልጋል።

ዋና ከተማዋ ራሷም በሦስት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ትገለገላለች። በከተማዋ አፍንጫ ሥር ያለው ሬገን ነው፤ በሜሪላንድ በኩል ያለው ባልቲሞር ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው አውሮፕላን የሚያርፍበት ደግሞ ደለስ ነው፤ እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማዋ መሃል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይገኛል። ደለስንና የቴክሳሱን ዳላስ የሚያምታቱም አሉ። ስለዚህ በስሙ አይተማመኑ፤ ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት ሦስት ፊደላት ይመልከቱ። ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ ነው፤ ደለስ አይ-ኤ-ዲ ነው፤ የቴክሳሱ ዳላስ ዲ-ኤፍ-ደብልዩ ነው።

ርቀቱ በክርና በሉል

ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ለተማሪዎች የሚሸጥ ዓይነት ሉል አለ። ከሉሉ አጠገብ የማይለጠጥ የስፌት ክር አስቀምጣለሁ። ርቀት ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም፤ ልጆችም አዛውንቶችም በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል።

የክሩን ጫፍ በአንድ አውራ ጣትዎ አዲስ አበባ ላይ ይጫኑ። ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ዋሽንግተን ይውሰዱና ወጠር ያድርጉት። ክሩን በግድ በሚያስቡት መስመር ላይ አያስተኙት፤ በደንብ ሲወጠር ራሱ እየተንሸራተተ አጭሩን መንገድ ይይዛል። አሁን የሚያልፍባቸውን አገሮች ያንብቡ። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ ካርቱም አካባቢ ያልፋል፤ ሱዳን፣ ግብፅና ሊቢያ የሚገናኙበትን ጥግ ይነካል፤ ሊቢያን አቋርጦ በደቡብ ቱኒዝያና በአልጄሪያ በኩል ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል፤ ከዚያ ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ከዚያም አትላንቲክ። አትላንቲክ መሃል ሲደርስ ወደ 45 ዲግሪ ሰሜን ይጠጋል። ዋሽንግተን ያለችው 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክሩ ከዋሽንግተን ይበልጥ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ ይደርሳታል ማለት ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ይህን አያሳይም። እሱ ላይ በማስመሪያ ቢያሰምሩ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ ያልፋል። ለዓይን አጭሩ ይህ ይመስላል። ያንን አቅጣጫ ይዞ የሚበር አውሮፕላን ግን 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የክሩ መንገድ ከዚያ በ500 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች፣ ወደ ዋልታው በተጠጉ ቁጥር በኬንትሮስ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል፤ ክሩ ወደ ሰሜን የሚያዘነብለው ይህንን ጥበት ለመጠቀም ነው። መቀመጫቸው ፊት ባለው ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ወደ አውሮፓ ሲታጠፍ አይተው «ለምን ይዞራል?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ሉሉን አስነካቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አይጠይቁም።

ርቀቱን ለማግኘት ደግሞ ክሩን ዋሽንግተን ላይ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉበትና አንሥተው በምድር ወገብ መስመር ላይ ያስተኙት። ወገቡ በዲግሪ የተከፋፈለ ነው። ክሩ የሚሸፍነው ወደ 104 ዲግሪ ይሆናል። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 104 ሲባዛ በ111 ወደ 11,540 ይመጣል። በገበያ ሉል ላይ መቶ ኪሎ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል አይደንቅም።

አጥብቆ ማስላት ለሚወድ ሰው የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ቦሌ በ8.98 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ደለስ በ38.94 ሰሜንና በ77.46 ምዕራብ ላይ ነው። አንዱ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ሌላው በስተ ምዕራብ ስለሆኑ ኬንትሮሶቹን ይደምሯቸው፤ 116.26 ይመጣል። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፤ 0.098 ያገኛሉ። ቀጥለው የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን እርስ በርስ፣ ከዚያም በ116.26 ኮሳይን ያባዙ፤ ከዜሮ በታች 0.340 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ከዜሮ በታች 0.242 ነው። ይህ ኮሳይን የየትኛው ማዕዘን እንደሆነ ካልኩሌተሩን በተገላቢጦሽ ሲጠይቁት 104 ዲግሪ ይሰጥዎታል፤ ክሩ የነገረዎትን ማለት ነው። በ111.2 ሲባዛ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ በራዲያን እንዳልተቀመጠ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ስሌቱ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ቦታ 7,180 ወይም 6,240 የሚል ቁጥር ካዩ አይደናገሩ። የመጀመሪያው አሜሪካውያን በመኪና መንገድ የሚጠቀሙበት ማይል ነው። ሁለተኛው አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሦስቱም ስለ አንድ መንገድ ነው የሚናገሩት።

አውሮፕላኑ ክሩን ተከትሎ አይሄድም

ክሩ የሚያሳየው ከሁሉም አጭሩን ርቀት ነው። እውነተኛው በረራ የአየር ክልሎችን ፈቃድ፣ የአየር ጠባይንና ጦርነትን እያየ ይታጠፋል። በ2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ የአየር ክልል ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚወጡ አውሮፕላኖችም ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ግብፅ ዞር ማለት ግድ ሆነባቸው። ሊቢያን የሚሸሹት ደግሞ ከዚያም በፊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በክሩ ርቀት ላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መጨመር ተገቢ ነው።

በሌላ ከተማ በኩል የሚያልፍ ቲኬት ሲቀርብልዎትም ክሩን ይጠቀሙበት። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት 5,350፣ ከፍራንክፈርት ደለስ 6,550፣ ድምሩ 11,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ340 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። በዱባይ በኩል ግን መጀመሪያ 2,520 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሄዱ በኋላ 11,350 ይቀርዎታል፤ ድምሩ ወደ 13,870 ይደርሳል። ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ መንገድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ተጨማሪ በረራ፣ ከመጠበቂያው ሌላ። ዋጋው ረክሶ ከሆነ ይህ ልፋት ያዋጣል ወይ የሚለውን መወሰን የእርስዎ ነው። ወጣት ከሆኑ ይሞክሩት እላለሁ። ለሰባ ዓመት እናት ግን በቅናሹ ምክንያት በዚያ በኩል ቲኬት መቁረጥ ደስ አይለኝም፤ ለልጆቿም ፊት ለፊት እናገራለሁ።

ርቀቱን ወደ ሰዓት መለወጥ

ይህን ረጅም መንገድ የሚሄዱት ኤርባስ 350፣ ቦይንግ 787 እና ቦይንግ 777ን የመሰሉ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። ስለዚህ ርቀቱን ለ900 ያካፍሉ፤ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። 11,560 ለ900 ሲካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር 13 ሰዓት ከ20 ይሆናል። ነፋስ ባይኖር ኖሮ ለመሄድም ለመመለስም ይኸው ነበር።

ነፋስ ግን አለ። ከምድር በላይ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ፣ አውሮፕላኖቹ በሚበሩበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። በአትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። መንገዱ ሁሉ በዚህ ጅረት ውስጥ ስላልሆነ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብለው ቢይዙት ለግምት ይበቃል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፤ 950 ይሆናል፤ በረራው ወደ 12 ሰዓት ከ40 ይወርዳል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ከፊት ይመጣል፤ 850 ይሆናል፤ ወደ 14 ሰዓት ይጠጋል።

ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ከምድር መዞር ጋር ያያይዘዋል። «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ቶሎ ሊደርስ ይገባል» ብሎ የተከራከረኝ የሒሳብ መምህር ነበር። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም የሚበረው በዚያው አየር ውስጥ ነው። እሱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ መሄጃው ባጠረ ነበር፤ የሚሆነው ግን በተቃራኒው ነው።

መሄጃው ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?

ከደለስ ተነሥቶ ቦሌ የሚመጣው አውሮፕላን መንገድ ላይ ሳያርፍ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሣው ግን አውሮፓ ውስጥ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ለዓመታት ሲያርፍ የቆየው ደብሊን ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ አንድ ዓይነት ርቀት፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት አሁን ያየነው ነፋስ ነው። ዋናው ግን ቦሌ ራሱ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሣው አየር በላዩና በሥሩ ሲያልፍ ነው፤ ሞተሩም የሚገፋው አየር ስቦ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን፣ ለመፍጠንም ይበልጥ መንደርደር አለበት። መንደርደሪያው ግን ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ጎማውም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይላል። ሰውና ሻንጣ ትቶ ነዳጅ ከመሙላት፣ ሰዉን ይዞ ነዳጁን ቀንሶ መነሣት ይሻላል። የጎደለው መንገድ ላይ ይሞላል። ረጃጅም በረራዎች ከቦሌ ማታ ሲነሡ አየሩ ቀዝቅዞ ትንሽ ጠበቅ ስለሚል ይህም ያግዛል፤ እጥረቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም።

ስለ ደብሊን የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ደለስ 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድምሩ 11,830። ከክሩ መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! በርቀት በኩል ማረፉ ምንም አያስከፍልም ማለት ይቻላል። የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። 11,830 ለ850 ሲካፈል 14 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሁለት ጊዜ መነሣትና ሁለት ጊዜ ማረፍ ስላለ አንድ ሰዓት ይጨመር፤ ነዳጅ የሚቀዳበት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይጨመር፤ ከ16 እስከ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ነዳጅ ሲቀዳ ተሳፋሪው ብዙውን ጊዜ አይወርድም። ሽማግሌ ወላጅ የሚልኩ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ደረስን ብለው ተነሥተው ሻንጣቸውን ማውረድ ይጀምራሉ።

ቲኬት ሲገዙም «ቀጥታ ነው?» ብለው አይጠይቁ። የበረራ ቁጥሩ እስካልተለወጠ ድረስ መንገድ ላይ የሚያርፈውንም ቀጥታ ይሉታል። «መንገድ ላይ ያርፋል ወይ? የት? ለስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ።

የቲኬቱን ሰዓት ማንበብ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት የዚያ ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው የአዲስ አበባ፣ መድረሻው የዋሽንግተን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከመቀናነስዎ በፊት ወደ አንድ ከተማ ሰዓት ያምጧቸው።

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ አትለዋወጥም። ዋሽንግተን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ትለውጣለች። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መግቢያ አካባቢ እስከ ጥቅምት ማብቂያ፣ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ሁልጊዜም የምንቀድመው እኛ ነን።

አሁን የደንበኛዬን ቲኬት ሐምሌ ላይ እንደሆነ አድርገን እንየው። ሰኞ 22:30 ከቦሌ ይነሣል፤ ማክሰኞ 08:00 ደለስ ይደርሳል። በ08:00 ላይ 7 ሲጨመር አዲስ አበባ 15:00 ነው። ከሰኞ 22:30 እስከ ማክሰኞ 15:00 ያለው 16 ሰዓት ተኩል ነው። በስሌት ካገኘነው ጋር ገጠመ። መመለሻው ረቡዕ 11:00 ከደለስ ይነሣል፤ አዲስ አበባ ያን ጊዜ 18:00 ነው። ሐሙስ 07:00 ይደርሳል። ከ18:00 እስከ 07:00 አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ተኩሉም ሃያውም የት ገቡ? ሲሄዱ ሌሊቱ በሰባት ሰዓት ስለተለጠጠ ቲኬቱ ጉዞውን አሳጠረው፤ ሲመለሱ ሰባቱ ሰዓት ስለተወሰደ ቲኬቱ አስረዘመው።

ከዚህ በኋላ ደግሞ የእኛ የራሳችን ሰዓት አለ። ቲኬቱ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስድስት ይቀንሱ፤ ከ12 በላይ ከሆነ ደግሞ 12 ይቀንሱ። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው። 15:00 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከ06:00 በፊት ላሉት ሌሊቶች ስድስት ይጨምሩ፤ 00:45 ከሌሊቱ 6:45 ይሆናል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ 00:45 ነው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:45» ካለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ከቤት የሚወጡት ሰኞ ማታ ነው። አንድ ደንበኛችን ማክሰኞ ምሽት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ተመርቆና ተሸኝቶ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ከዚያ ወዲህ እኩለ ሌሊትን የተሻገረ ቲኬት ሳትም ከላዩ በቀይ እስክሪብቶ «ከቤት መውጫ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። እርስዎም ለወላጅዎ እንዲሁ ይጻፉላቸው። ቀኑንም በፈረንጅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ቲኬቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው።

ከቤት እስከ ቤት

የበረራው ሰዓት የጉዞው ሰዓት አይደለም። ቦሌ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። መንገዱ ተዘጋግቶ ከሆነ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ከቤት እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት ይያዝ። ደለስ ከወረዱ በኋላ ከአውሮፕላኑ እስከ ፍተሻው ድረስ ትልቅ ጎማ ባላቸው ከፍ ያሉ ተሽከርካሪዎች ሊወሰዱ ይችላሉ፤ የማረፊያው የቆየ ልማድ ነው፤ ማረፊያው በ1962 ሲከፈት ጀምሮ አሉ። እናትዎን «አውቶቡስ የመሰለ ነገር ውስጥ ያስገቡሻል፤ አትደንግጪ፤ አብረሽ ግቢ» ብለው ያስጠንቅቋቸው። ከዚያ የፓስፖርት ሰልፉና ሻንጣው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። ሁሉም ሲደመር ከአዲስ አበባ ደጃፍ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ (ከዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች ከተማ) ደጃፍ 23 ሰዓት ያህል ይሆናል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ቁጥር ለሐኪሙ ይንገረው። «በየ12 ሰዓቱ» የተባለ ክኒን የሚቆጠረው ባለፈው ሰዓት እንጂ በደረሱበት ከተማ ሰዓት አይደለም። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ደግሞ መጠኑ ራሱ ሊስተካከል ስለሚችል ሐኪም ሳያማክሩ መነሣት አይገባም። እኔ የምመክረው የእጅ ሰዓታቸውን እስኪደርሱ ድረስ በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲተዉት ነው፤ ስልኩ ሲያርፍ ራሱ ይቀየራል፤ የእጅ ሰዓቱ ግን ስንት ሰዓት እንዳለፈ በታማኝነት ይናገራል። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይታዘዝ። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ትንሽ ይንቀሳቀሱ።

ደለስ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው የበረራ ቁጥሩን ይያዝ፤ የሚሄደው ኢቲ 500፣ የሚመለሰው ኢቲ 501 ነው። ፍላይትራዳር24ን የመሰሉ መተግበሪያዎች አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ ያሳያሉ። ነፋሱ በርትቶ ወይም ነዳጅ ሲቀዳ ዘግይቶ ከሆነ እዚያ ይታያል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ከቤቱ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። አዲስ አበባ ቀርቶ ስልክ የሚጠብቀው ቤተሰብ ደግሞ ያስታውስ፤ በሐምሌው ምሳሌያችን እዚያ ጠዋት 08:00 ሲያርፍ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ሰልፉና ሻንጣው ስላለ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ስልክ ባይደወል አይጨነቁ።